የከተማ ዳር ሰፈሮች መገናኛ የማን ነው? ከኪያምቡ እስከ ኮዬ ፈጬ

ከናይሮቢ በስተሰሜን፣ በኪያምቡ ካውንቲ፣ ቀድሞ የቡና እርሻ በነበረ 5 ሺህ ኤከር መሬት ላይ ታቱ ሲቲ የተባለ አዲስ ከተማ እየተገነባ ነው። የታቀደው መኖሪያ ቤት፣ ፋብሪካ፣ ቢሮ፣ ሱቅና ትምህርት ቤት በአንድ ስፍራ እንዲገኙበት፣ ነዋሪውም ለሥራና ለገበያ ወደ ናይሮቢ ከመመላለስ እንዲያርፍ ነው። በአውሮፓውያኑ ሐምሌ 2024 ግን አልሚዎቹ የካውንቲውን ገዥ በአደባባይ ከሰሱ። የተሻሻለውን ማስተር ፕላን ለማጽደቅ በቢሊዮኖች ሽልንግ የሚገመት መሬት በነጻ ተጠየቅን አሉ። ገዥው ክሱን አስተባብለው፣ መሬቱ ለሕዝብ አገልግሎት የሚውል ነው ሲሉ መለሱ።

ከክሱ ሥር ያለው ጥያቄ ከሁለቱ ወገኖች ጠብ ይሰፋል። የግል ድርጅት ከተማ ሲገነባ ጤና ጣቢያው፣ ገበያውና የልጆች መጫወቻ ሜዳው የማን ነው? በታቱ ሲቲ ከተከፈቱት ትምህርት ቤቶች መካከል ስመ ጥር የሆኑት በክፍያ የሚያስተምሩ የግል ተቋማት ናቸው። ሁሉ ነገር በአንድ ቦታ ይገኛል ማለት ሁሉም ሰው ያገኘዋል ማለት አይደለም።

የኪያምቡ ሕዝብ በ2009 ቆጠራ 1.6 ሚሊዮን ገደማ ነበር፤ በ2019 ከ2.4 ሚሊዮን አልፏል። በ2012 የተመረቀው ሰፊው የቲካ አውራ ጎዳና እንደ ሩይሩ ያሉ ከተሞችን ከናይሮቢ ጋር ሲያቀራርብ፣ በመንገዱ ግራና ቀኝ የቡና እርሻ የነበረው መሬት ለቤት መሥሪያ መሸንሸን ያዘ። ሲሸነሸን ግን ለጋራ ጉዳይ የተተወው ጥቂት ነው። ክፍተቱን የሞሉት የገበያ ማዕከላት ናቸው። ቤተሰብ ቅዳሜና እሁድ የሚያሳልፈው፣ ወጣቶች የሚቃጠሩት በእነርሱ ነው። ይሁንና ጎመንና ቲማቲም በመደብ የምትሸጠው ሴት በሩን አታልፍም፤ ቦታዋ ጎዳናው ዳር ነው።

በአዲስ አበባ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነበር። መሬቱ የመንግሥት፣ ገንቢውም መንግሥት በመሆኑ ከማንም ላይ ቦታ መለመን አላስፈለገም። በ2000ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የኮንዶሚኒየም ግንባታ ምድር ቤቱን ለሱቅ፣ ፎቁን ለመኖሪያ አድርጎ፣ በየሰፈሩ የጋራ መገልገያ ቤት፣ ነዋሪው ‘ኮሙናል’ የሚለውን፣ አካቶ ተነደፈ። ሐሳቡ ከኑሮው የተቀዳ ነበር። አራተኛ ፎቅ ላይ በግ አይታረድም፣ በርበሬ አይሰጣም፣ ድንኳን አይተከልም፤ ሠርግም ለቅሶም ግን ይኖራል። በምሥራቅ አፍሪካ የከተማ ፕላን ውስጥ የሕዝቡን ልማድ ይህን ያህል የተመለከተ ንድፍ ማግኘት ቀላል አይደለም።

የጎደለው አስተዳደሩ ነው። የጋራ ሕንፃ ቤት አዋጅ ቁጥር 370/1995 የጋራ የሆነውን ነገር ለቤት ባለቤቶች ማኅበር ይሰጣል፤ ማኅበሩ ግን በአብዛኛው የሚንቀሳቀሰው ከነዋሪው በሚሰበስበው መዋጮ ነው። ቤቱን ያከራየ ባለቤት ሌላ ሰፈር ይኖራል፣ ለስብሰባ አይመጣም፤ ተከራዩ ደግሞ ድምፅ የለውም። ስለዚህ አንዳንዱ ኮሙናል ለመዋዕለ ሕፃናት ወይም ለንግድ ተከራየ፣ አንዳንዱ ተቆልፎ ቀረ። የለቅሶው ድንኳን መኪና ማቆሚያው ላይ ይተከላል። ሰፈሩን በተግባር የሚያገናኘው እድር ነው፤ በፕላኑ ላይ ግን ስሙ የለም። ሱቆቹም በጨረታ ለከፍተኛ ተጫራች የሚሸጡ በመሆናቸው፣ ጉሊት የምትቸረችር እናት እንደ ሩይሩዋ ሴት ከመንገድ ዳር አልተነሳችም።

ርቀቱም አለ። በ2015 አገልግሎት የጀመረው ቀላል ባቡር በምሥራቅ አያት፣ በደቡብ ቃሊቲ ላይ ያበቃል። ከዚያ ወዲያ ያሉት ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ በአውቶቡስና በታክሲ የሚደረስባቸው ናቸው። ጎህ ሲቀድ ወጥቶ ሲመሽ የሚገባ ሰው ሰፈሩን የሚያውቀው በጨለማ ነው፤ ለዚህ ሰው ቤተ መጻሕፍት ወይም አዳራሽ ቢሠራለት መቼ ይጠቀምበታል? ጽሕፈት ቤቶችና የሥራ ቦታዎች ሳይከተሉት የሚሠራ የሰፈር ማዕከል የእሁድ ማዕከል ከመሆን አያልፍም።

ኬንያ በመጋቢት 2024 ባወጣችው ሕግ ከሠራተኛው ደመወዝ 1.5 በመቶ፣ ከአሠሪውም ያንኑ ያህል እየሰበሰበች መኖሪያ ቤቶችን በመገንባት ላይ ናት። ገንዘቡ ከደመወዝተኛው ኪስ የሚወጣ እንደመሆኑ፣ ከቤቶቹ መሃል የሚቀረው ባዶ ቦታ ጉዳይ እንደ ታቱ ሲቲ በአልሚና በገዥ መካከል ብቻ የሚያልቅ አይሆንም። የሜዳው የባለቤትነት ሰነድ በማን ስም እንደሚወጣ፣ የአዳራሹ ቁልፍ በማን እጅ እንደሚሆንና የጥበቃው ደመወዝ ከየት እንደሚከፈል፣ የመጀመሪያው ቤተሰብ ዕቃውን ጭኖ ከመምጣቱ በፊት መወሰን አለበት።