ስለ ሴል ዘበኛና ለልጃገረዶች ስለሚሰጠው ክትባት

ለልጃገረዶች በትምህርት ቤት ስለሚሰጠው የማሕፀን በር ነቀርሳ ክትባት በአንዳንድ ቤት ክርክር መነሣቱን እንሰማለን። አባት «ልጄ ደኅና ናት፤ ያልታመመች ልጅ ስለ ምን ትወጋለች?» ይላል፤ እናትም «መካን ያደርጋል» የሚለውን የጎረቤት ወሬ ይዛ ትፈራለች። ክትባቱ በአገራችን መሰጠት የጀመረው በ2011 ዓመተ ምሕረት ነው። እኛም በዛሬው አምዳችን ነገሩን ከሥሩ ልናስረዳ አሰብን፤ ሥሩም የሚገኘው በዓይን በማይታይ ስፍራ፥ በሰውነታችን ሴል ውስጥ ነው። ስለ ውጭ አገር ስንናገር የምንጽፈው ዓመት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢዎቻችን ይወቁልን።

የሰው ገላ ሁሉ ሴል ከሚባሉ ረቂቅ ክፍሎች የተሠራ መሆኑን ተማሪዎች ልጆቻችን ያውቃሉ። አንዱ ሴል አርጅቶ ሲሞት ሌላው ለሁለት ተከፍሎ ይተካዋል። ነገር ግን ከመከፈሉ አስቀድሞ በውስጡ ያለውን የዘር ጽሕፈት ሁሉ መገልበጥ አለበት፤ ይህም ጽሕፈት ከእናት በኩል ብቻ 3 ሺህ ሚሊዮን ያህል ፊደል፥ ከአባትም በኩል እንደዚሁ ያለበት ነው። ዳዊት በብራና ሲጻፍ ያየ ሰው የሥራውን ክብደት ይረዳዋል። ቁም ጸሐፊው የቱን ያህል ጠንቃቃ ቢሆን አንዳንድ ፊደል መግደፉ አይቀርም፤ ያንን መጽሐፍ አይቶ የሚጽፍ ሌላ ጸሐፊም ግድፈቱን እንዳለ ይወርሳል። ስለዚህ ከጸሐፊው በኋላ የሚመለከት አራሚ ያስፈልጋል። በሴልም ውስጥ እንዲህ ያሉ አራሚዎችና ተቈጣጣሪዎች አሉ፤ የተሠሩትም ከፕሮቲን ነው። ፕሮቲን ሲባል ብዙ ሰው ሥጋ፥ እንቁላልና ባቄላ ብቻ ይመስለዋል፤ በሴል ውስጥ ግን ፕሮቲን ሠራተኛም፥ መልክተኛም፥ ዳኛም ነው።

ከነዚህ ሁሉ ሊቃውንት አብዝተው የመረመሩት ፒ 53 የሚባለውን ነው። ስሙ የክብደቱ ቍጥር ነው፤ መጀመሪያ ሲመዘን 53 ሺህ የሆነ መስሎ ነበርና። ኋላ በትክክል ሲሰላ ወደ 44 ሺህ ሆኖ ተገኘ፤ ነገር ግን በመዝገብ አንድ ጊዜ የገባ ስም እንዴት እንደሚጸና እኛ የፍርድ ቤት ጸሐፊዎች እናውቃለንና አያስደንቀንም። ይህ ፕሮቲን በደኅና ጊዜ ያለ ማቋረጥ ይሠራል፥ ያለ ማቋረጥም ይፈርሳል። ኤም ዲ ኤም 2 የሚባል ሌላ ፕሮቲን እየያዘ ለማፍረስ ያሳልፈዋልና ዕድሜው 20 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። እየሠሩ ማፍረስ ከንቱ ድካም ይመስላል፤ ጥቅሙ ግን አደጋ ሲመጣ ይታያል። የፀሐይ ጨረር የቆዳን ሴል መትቶ የዘሩን ጽሕፈት ባበላሸ ጊዜ፥ ጉዳቱን ያዩ መልክተኞች በፒ 53 ላይ ምልክት ያኖሩበታል፤ ያን ጊዜ ኤም ዲ ኤም 2 ሊይዘው አይችልም። አዲስ እስኪሠራ መጠበቅ ሳያስፈልግ በጥቂት ጊዜ ውስጥ በዝቶ ይከማቻል።

ከተከማቸም በኋላ ፒ 21 የተባለው ፕሮቲን እንዲሠራ ያዝዛል፤ ይኸውም የመከፈልን ሥራ የሚያንቀሳቅሱትን ይይዛቸዋል። ይህ በፍርድ ቤት ቋንቋ እግድ ነው። ሴሉ እግዱ እስኪነሣ ድረስ ጉዳቱን ይጠግናል፤ ከተጠገነ መከፈሉን ይቀጥላል። ጉዳቱ ከመጠን ያለፈ እንደ ሆነ ግን ያው ፒ 53 ሴሉ ራሱን እንዲያጠፋ ያደርጋል። ብዙ ፀሐይ ከመታን በኋላ ቆዳችን የሚላጠው አንድም በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ ዘበኛ በ1979 በሎንዶን፥ በፕሪንስተንና በሌሎችም ስፍራዎች በተገኘ ጊዜ እርሱ ራሱ የነቀርሳ አምጪ ነው ተብሎ መታማቱ ያስገርማል። ሊቃውንቱ የያዙት ቅጂ የተበላሸ ነበርና 10 ዓመት ያህል በሐሰት ተከሶ ቆየ፤ ንጹሕነቱ የታወቀው በ1989 ነው። ዛሬ ከሰው ነቀርሳ ግማሽ ያህሉ ፒ 53 የተበላሸበት መሆኑ ታውቋል። ዝሆን እጅግ ብዙ ሴል ሲኖረው በነቀርሳ የሚሞተው ጥቂት ነው፤ በ1 ሴል ውስጥ ሰው ከአባትና ከእናት የወረሰው የዚህ ዘበኛ ጽሕፈት 2 ሲሆን የዝሆን ወደ 40 መሆኑ በ2015 ታትሞ ወጥቷል።

አሁን ወደ ልጃገረዶቹ እንመለስ። የማሕፀን በር ነቀርሳ የሚመጣው ፓፒሎማ ከሚባል ቫይረስ መሆኑን ጀርመናዊው ሐኪም ሃራልድ ጹር ሃውዘን አሳይተው በ2008 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ቫይረሱ የሚተላለፈው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ነው። ለራሱ መባዣ የሚሆን መሣሪያ ስለሌለው የሰውን ሴል እንዲከፈል ያስገድደዋል። ነገር ግን ሴል ያለ ሥርዓት ሲከፈል ፒ 53 ነቅቶ ያግደዋል። ስለዚህ ቫይረሱ ሁለት ፕሮቲን ያሰማራል፤ ኢ 7 የመከፈልን ልጓም ይፈታል፥ ኢ 6 ደግሞ ዘበኛውን ፒ 53ን አሲዞ ያስፈርሳል። ከቤቱ ዘበኛ አስቀድሞ የሚጀምር ሌባ ማለት ይህ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሰውነት ቫይረሱን በአንድ ወይም በሁለት ዓመት ያጠፋዋል፤ ሳይጠፋ ከቀረ ግን ግድፈት በግድፈት ላይ ሲከማች 15 ወይም 20 ዓመት ቆይቶ ነቀርሳ ይሆናል። ለዚህ ነው እናት ልጆቿን በምታሳድግበት ዕድሜ የሚያገኛት።

«ያልታመመች ስለ ምን ትወጋለች?» ላለው አባት መልሱ ከዚህ ይገኛል። ክትባቱ የቫይረሱን ቅርፊት ፕሮቲን ብቻ የያዘ ነው፤ በውስጡ የሚባዛ ጽሕፈት የለበትም። ሰውነት ቅርፊቱን አይቶ ይለየዋል፥ እውነተኛው ሲመጣም ወደ ሴል ሳይገባ ይይዘዋል። ከገባ በኋላ ግን ክትባቱ ሊያስወጣው አይችልምና ከጋብቻ ዕድሜ አስቀድሞ መሰጠቱ ግድ ነው። በ2020 በስዊድን አገር የታተመው ምርመራ 17 ዓመት ሳይሞላቸው ከተከተቡት ዘንድ በሽታው በ88 ከመቶ ያነሰ መሆኑን አሳይቷል። ስለ መካንነት የሚነገረውንም የዓለም የጤና ድርጅት አስመርምሮ አንዳች ማስረጃ አላገኘም። እኛ በበኩላችን እንዲህ ያለውን ወሬ በቀላሉ አናልፈውም፤ ሴትን ማሕፀን የሚያሳጣት ነቀርሳው ራሱ ነውና፤ ሐኪሞች ሕይወቷን ለማዳን ቈርጠው ያወጡታል። ክትባቱ ያላገኛቸው እናቶች ደግሞ ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 49 ከሆነ በጤና ጣቢያ ይመርመሩ፤ የማሕፀኑን በር የሆምጣጤ ዓይነት አሲድ ቀብተው ወደ ነጭ የሚለወጥ ቦታ መኖሩን መመልከት ነው፥ በአጭር ጊዜም ያልቃል።

አንድ ነገር ብቻ እንጨምር። በ1951 በአሜሪካ በባልቲሞር ከተማ ሄንሪየታ ላክስ የተባሉ የ5 ልጆች እናት በዚህ ነቀርሳ በ31 ዓመታቸው ሞቱ። ሐኪሞች ሳያስፈቅዷቸው ከዕባጩ የወሰዱት ቍራጭ እስከ ዛሬ በየአገሩ ምርመራ ቤት እየተከፈለ ይኖራል። በውስጡም የፓፒሎማ ቫይረስ ጽሕፈት ተገኝቷል። በ2000 ሊቃውንት በነዚህ ሴሎች ውስጥ ኢ 6ንና ኢ 7ን ዝም አሰኟቸው። ፒ 53 ለካ ያን ሁሉ ዘመን ይፈርስ ነበር እንጂ ጽሕፈቱ አልተበላሸም፤ ከ49 ዓመት በኋላ ተነሥቶ ሥራውን ያዘ፥ ሴሎቹም መከፈላቸውን አቆሙ።