ምክሩን ተዉትና ሒሳቡን ንገሯቸው

በየዓመቱ በየትምህርት ቤቱ የሚደጋገም ነገር አለ። የቀድሞ ተማሪዎች ይጠራሉ። ጠዋት ሰልፍ ላይ ሰንደቅ ዓላማ ከተሰቀለ በኋላ፣ ወይም ቅዳሜ በአዳራሽ፣ ርዕሰ መምህሩ «የትምህርት ቤታችን ፍሬዎች» ብለው ያስተዋውቋቸዋል። የሚኒ ሚዲያው ማይክ ሁለት ሦስቴ ይጮኻል። ከዚያ ዶክተሩ፣ ኢንጂነሩ፣ ባንክ የገባችው፣ ስኮላርሺፕ ያገኘው ተራ በተራ ይናገራሉ። ንግግሩን ሁላችሁም በቃላችሁ ታውቁታላችሁ። ጠንክሩ። ዓላማ ይኑራችሁ። ጓደኛ ምረጡ። ከሌሊቱ 10 ሰዓት እየተነሳሁ አነብ ነበር። እኔ ከቻልኩ እናንተም ትችላላችሁ።

ይሄ ነገር እንዲቆም እፈልጋለሁ፤ ቢያንስ በዚህ መልኩ። አሰልቺ ስለሆነ አይደለም፣ አሰልቺ ነገርማ ትምህርት ቤት ውስጥ ሞልቷል። የተነገረው ግማሽ እውነት ስለሆነና የቀረው ግማሽ ዋጋ የሚያስከፍለው ሰልፍ ላይ ቆሞ የሚሰማውን ልጅ ስለሆነ ነው።

ከዚያች ከሌሊቱ 10 ሰዓት ልጀምር። እኔ በተማርኩበት ከተማ በዚያ ሰዓት የሚነሳ ብዙ ሰው ነበር። ከክፍላችን ልጆች ውስጥ ውኃ ወረፋ ለመያዝ፣ እንጀራ ለመጋገር፣ ከእናታቸው ጋር ገበያ ዕቃ ለማውጣት የሚነሱ ነበሩ። እነሱም ነቅተዋል። ልዩነቱ አንዱ ሲነሳ መጽሐፍ ይዞ የሚቀመጥበት መብራት ያለው ክፍል መኖሩ፣ ሌላዋ ስትነሳ ጀሪካን መጠበቁ ነው። መድረክ ላይ የቆመው ሰውዬ ግን «ተነሳሁ» ይላል እንጂ «ስነሳ ማንም ሥራ አላዘዘኝም» አይልም። ልጅቷም ሰምታ ምን ትላለች? የጎደለኝ ጥረት ነው ትላለች።

እሺ፣ ወደ ፈተናው እንምጣ። እኛ የ2008 ባች ነን። ግንቦት ላይ ፈተናው ሾልኮ ወጥቶ ተሰረዘ፣ ሰኔ መጨረሻ ላይ እንደገና ተፈተንን። ፈተናው ከ700 ነበር። ዩኒቨርሲቲ መግቢያ ነጥቡ የሚወሰነው በየዓመቱ የቅበላ አቅም እየታየ ነበር። ከ2014 ባች ጀምሮ ግን ተማሪዎች ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ተወስደው፣ እዚያው እያደሩ ይፈተኑ ጀመር፤ ማለፊያውም 50 በመቶ ሆነ። የዚያ ዓመት ውጤት ሲነገር ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ። 3.3 በመቶ። በቀጣዩ ዓመት 3.2 በመቶ። ከ1 ሺህ በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። ከዚያ በኋላ ቁጥሩ ትንሽ ከፍ ብሏል፣ ግን በ2017 እንኳ 10 በመቶ አልሞላም።

አሁን አስቡት። የእኔ ዕድሜ ያለው ሰው ቆሞ «እኔ ያለፍኩት እንዲህ አጥንቼ ነው» ሲል የሚያወራው ስለ ሌላ ፈተና ነው። እሱ የዘለለው አጥርና እነሱ የሚጠብቃቸው አጥር ቁመታቸው አይገናኝም። ከ100 ልጆች ከ90 በላይ የማያልፉበት አገር ውስጥ ደግሞ ሰልፉ ላይ የሚሰጠው ምክር በሙሉ ለሚያልፉት ነው፦ ዩኒቨርሲቲ ስትገቡ እንዲህ አድርጉ፣ ዲፓርትመንት ስትመርጡ እንዲያ አድርጉ። ለቀሩት አንድ ዓረፍተ ነገር የለንም። አንድ ተቋም በዚህ መጠን ተማሪ እየጣለ ስለ ዓላማ ጽናት ተናጋሪ መጋበዙ እኔን በጣም ይገርመኛል።

ቀጣዩ ውሸት «የምትወዱትን ምረጡ» የሚለው ነው። ኧረ ማን መረጠ? መንግሥት ከ2001 ጀምሮ 70 በመቶውን ተማሪ ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶውን ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ እንመድባለን ብሎ ወሰነ። ዩኒቨርሲቲዎቻችን በኢንጂነሪንግ ተማሪ የተሞሉት የአገሩ ወጣት በአንድ ሌሊት ብረትና ሽቦ ስለወደደ አይደለም። እኔም በዚያ ጎርፍ ውስጥ ነው የገባሁት። ፎርም ሞላሁ፣ ኢንጂነሪንግ ደረሰኝ፣ ከፍሬሽማን በኋላ እንደ ሁሉም ሰው ሲቪል ጠየቅኩ። ያኔ መንገዱና ኮንዶሚኒየሙ ሁሉ እየተገነባ ስለነበር ሲቪል የነገሥታት ዲፓርትመንት ነበር። ጂፒኤዬ አልደረሰምና ኤሌክትሪካል ተጣልኩ። እዚያ ውስጥ አራተኛ ዓመት ላይ ኮምፒውተር ስትሪም ገባሁ። እኛ ስንመረቅ የግንባታው ሥራ በሲሚንቶና በውጭ ምንዛሪ እጥረት ታንቆ ነበር፤ ሲቪል ደርሷቸው የጨፈሩት ልጆች ሥራ አጡ። እኔ ያልደረሰኝ ነገር ጠቀመኝ። ይሄን «ፓሽኔን ተከተልኩ» ብዬ ልንገራቸው?

እንግዲህ ስለ ራሴ ካነሳሁ አይቀር፣ መድረክ ላይ የማይባለውን በተራ ልበለው። መጋቢት 2012 በኮቪድ ምክንያት ከግቢ ስንባረር ቤት ይዤው የገባሁት ላፕቶፕ ነበረኝ። ጃቫስክሪፕት የተማርኩት በእነዚያ ወራት ነው። ላፕቶፑን የገዛችው ታላቅ እህቴ ናት። እሷ የ10ኛ ክፍል ውጤቷ ለመሰናዶ አልበቃም፣ ኩዌት ሄዳ የሰው ቤት ትሠራ ነበር። የአራት ወር ደሞዟን ነው የላከችው። በ2014 መጀመሪያ ተመርቄ አዲስ አበባ ስመጣ ያረፍኩት ጀሞ አክስቴ ቤት ነው። 14 ወር። ኪራይ አልከፈልኩም፣ ለምግብ አልከፈልኩም፣ «ሥራ አገኘህ ወይ?» ተብዬም አልተጠየቅኩም (አክስቴ ለዚህ ብቻ ገነት ትገባለች)። ከዚያ ውስጥ አምስት ወሩን በአንድ ድርጅት ያለ ደሞዝ በልምምድ ሠራሁ። ወደ ድርጅቱ ያስገባኝ ውጤቴ አይደለም፣ ሲቪዬን ለኃላፊው በቴሌግራም የላከልኝ የአክስቴ ልጅ ጓደኛ ነው። የመጀመሪያ ደሞዜ 7,500 ብር ነበር።

ከዚያ የውጭ አገር ደንበኛ አገኘሁ፣ ክፍያዬ በዶላር ሆነ። ሐምሌ 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። የእኔ ገቢ በብር ሲታሰብ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። አንዲት ተጨማሪ መስመር ኮድ አልጻፍኩም። በዚያው ሳምንት ያስተማረኝ የፊዚክስ ቲቸር ደሞዝ ባለበት ቆሞ የዘይት ዋጋ ጨመረበት። በቀጣዩ ዓመት ግን ስለ ትጋት እንዲናገር የተጋበዝኩት እኔ ነኝ፣ ማይኩን አስተካክሎ ያቀበለኝ ደግሞ እሱ።

አልሠራሁም እያልኩ አይደለም። ሠርቻለሁ፣ ዓይኔ እስኪቀላ። ግን የሠራ ሁሉ እዚህ አልደረሰም፣ ነገሩም ያለው እዚህ ላይ ነው። ዶርም አብሮኝ የነበረ ልጅ ነበር፤ ሃይድሮሊክስ ያነበበ፣ ከእኔ በብዙ የተሻለ ጭንቅላት ያለው፣ በ3.6 የተመረቀ። እኔን ካልኩለስ ያሳለፈኝ እሱ ነው። አዲስ አበባ ላይ ዘመድ አልነበረውም። ለመጀመሪያው ኢንተርቪው ሌሊት ተነስቶ በአውቶቡስ መጣ፣ መርካቶ አውቶቡስ ተራ አካባቢ አልቤርጎ አደረ፣ ተመለሰ። ለሁለተኛውም እንደዚያው፤ ለዚህኛው የአባቱን በግ ሸጠው። ለሦስተኛው ሲደወልለት «ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ድረስ» አሉት። ስልኩ የመጣው ከሰዓት በኋላ ነው፣ እሱ ያለው አንድ ቀን ሙሉ የሚያስኬድ መንገድ ጫፍ ላይ ነው። እኔ ለዚያ ዓይነት ጥሪ በሁለት ታክሲ ነበር የምደርሰው። አሁን አገሩ እህል ይነግዳል። ሥራው መጥፎ አይደለም፣ ይኖርበታል። ግን «ጠንክሮ የሠራ ይደርሳል» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ስሰማ እሱ ትዝ ይለኛል፣ ምክንያቱም ያ ዓረፍተ ነገር በሌለበት እሱን ሰነፍ ብሎ ይሰድበዋል።

እዚህ ላይ ሁሌም የሚመጣው መልስ «የልጆቹን ሞራል ትሰብራለህ» ነው። እንዲያው ልጆቹን ምን አድርገን ነው የምናያቸው? እያንዳንዱ ግቢ ውስጥ ተመርቆ የተቀመጠ ወንድም አለ። ጋዋን ለብሶ የተነሳው ፎቶ ሳሎን ተሰቅሏል፣ ባለቤቱ ከፎቶው ሥር ተኝቶ ስልክ ይነካካል። ልጆቹ በየቀኑ ያዩታል። እኛ ሄደን «የሠራ ይደርሳል» ስንላቸው ተስፋ አይደለም የምንሰጣቸው፤ ወንድማቸውን እንዲንቁት ነው የምናስተምራቸው። ነገ ደግሞ ተራው ሲደርስ ራሳቸውን። ሞራል ሰባሪው ይሄ ነው።

ስለ እኔ ሙያም አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም አሁን ፋሽኑ «ኮዲንግ ተማሩ» ሆኗል። ተማሩ፣ ደስ ይለኛል። ግን የምትሰሙት ሰው የገባው በየትኛው በር እንደሆነ ጠይቁ። እኔ ጀማሪ ሆኜ የተሰጠኝ ሥራ ቀላል ቀላል ነገር ነበር፦ ፎርም መሥራት፣ የተበላሸ ቁልፍ ማስተካከል፣ ሰነድ መጻፍ። እየተከፈለኝ የተማርኩት በእሱ ነው። አሁን በምሠራበት ቡድን ውስጥ ያንን ሥራ ለአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ነው የምንሰጠው፣ ባለፈው ዓመት አንድም ጀማሪ አልቀጠርንም። የውጭ ሥራ አገኛችሁ እንበል፣ ክፍያውስ? ስትራይፕ ኢትዮጵያ ውስጥ አይሠራም። ገንዘቡ እስኪገባ የምትዞሩበትን መንገድ ማንም ቲክቶክ ላይ አያሳያችሁም። ይሄ ሁሉ አትግቡበት ማለት አይደለም። የገባንበት በር ከኋላችን መጥበቡን ሳንናገር «ግቡ» ማለት ግን ነውር ነው።

ባለፈው ዓመት ስጠራ ይሄንን ነው የተናገርኩት፣ ላፕቶፑን፣ አክስቴን፣ ዶላሩን። ከእኔ በፊት የተናገረው ልጅ (እሱም «ኢንጂነር» ተብሎ ነው የተጠራው፣ የሚሠራው ኢንሹራንስ ሽያጭ ነው) ስለ ራዕይ 20 ደቂቃ ወስዶ ስለነበር ለእኔ የቀረኝ 7 ደቂቃ ነው። ጭብጨባው ቀዝቃዛ ነበር። ግን ከሰልፉ በኋላ የከበቡኝ ልጆች ጥያቄ ሌላ ነበር። «ልምምድ ላይ ሳለህ ትራንስፖርት ይከፍሉህ ነበር?» «አዲስ አበባ አንድ ክፍል በስንት ይከራያል?» «ላፕቶፕ ባይኖር በስልክ ይቻላል?» የመጨረሻዋን የጠየቀችኝ ልጅ ያንኑ ጥያቄ መጀመሪያ ለሌላኛው ተናጋሪ አቅርባ «ከፈለግሽ የማይቻል ነገር የለም» ተብላ ነው የመጣችው። እኔ ያልኳት ይሄን ነው፦ በስልክ መሠረቱን መማር ትችያለሽ፣ ሥራ የሚያስገኝ ነገር ግን አትሠሪበትም፤ ስለዚህ ከተማችሁ ውስጥ ኮምፒውተር ያለበትን ቦታ ሁሉ ቁጠሪ፣ የትምህርት ቤቱ አይሲቲ ክፍል ለምን እንደሚቆለፍም ርዕሰ መምህሩን ጠይቂ። ክፍሉ እውነት ተቆልፎ ነበር። ቁልፉ ማን ጋር እንደሆነ የሚያውቅ አልተገኘም።

አሁን ያለኝ ሐሳብ ተናጋሪ መጋበዙን ትቶ ዝርዝር መለጠፍ ነው። የእኛ ሴክሽን 58 ልጆች ነበርን። በቴሌግራም ግሩፓችን ጠይቄ የ41ዱን አግኝቻለሁ። 9ኙ መምህራን ናቸው። 6ቱ ባንክ ይሠራሉ። 4ቱ ጤና ባለሙያ፣ ከነሱ አንዷ ብቻ ዶክተር። 5ቱ ውጭ ናቸው፣ ሦስቱ አረብ አገር፣ ሁለቱ ደቡብ አፍሪካ። 4ቱ ይነግዳሉ። 3ቱ ባጃጅ ይነዳሉ፣ ከነሱ ሁለቱ ዲግሪ አላቸው። 2ቱ በተማሩት ኢንጂነሪንግ ይሠራሉ። አንዱ እኔ ነኝ። 7ቱ ሥራ የላቸውም ወይም የተገኘውን የቀን ሥራ ይሠራሉ። ከእያንዳንዱ አጠገብ ምን እንዳጠና፣ የመጀመሪያ ደሞዙ ስንት እንደነበር፣ ሥራውን በማን በኩል እንዳገኘ አስገባሁ። «በማን በኩል» የሚለውን ለመጻፍ ሁሉም ትንሽ አመነታ፣ ግን ጻፉ። 17ቱን አላገኘኋቸውም። እነሱንም «አልተገኙም» ብዬ ጻፍኳቸው፣ ምክንያቱም 58 ነበርን።

ስሞቹን አጥፍቼ ለሚኒ ሚዲያ ክበብ አስተባባሪዋ መምህርት ላክሁላቸው፣ ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ እንዲለጥፉት። ከሁለት ሳምንት በኋላ መለሱልኝ። ዝርዝሩን ወደውታል፣ አንድ ማስተካከያ ብቻ ጠየቁ፦ «ባጃጅ የሚለውን ‹የግል ሥራ› ብንለው አይሻልም ወይ?»

ባጃጅ ይባል ብያቸዋለሁ። እስካሁን አልተለጠፈም።