ስለ ብርማ ቅጠልና ስለ ሻጭ ቃል

በዓል በተቃረበ ቁጥር በየገበያው ከቄጤማው ጋራ የሚሸጠውን አሪቲ የማያውቅ ስለሌለ፥ ብርማ ቅጠል ያለው ተክል ለኢትዮጵያ ሰው እንግዳ አይደለም። በውጭ አገር አትክልተኞች ዘንድ ከሚወደዱት ብርማ ተክሎች አንዱ ስታኪስ ቢዛንቲና የተባለው፥ እንግሊዞች የበግ ግልገል ጆሮ እያሉ የሚጠሩት ነው። የትውልድ አገሩ ቱርክ፥ አርመንና ኢራን ሲሆን፥ ቅጠሉን የሸፈነው ለስላሳ ነጭ ጠጕር የፀሐይን ትኩሳት እየመለሰ እርጥበቱን ይቆጥብለታል። ስትራይፕት ፋንተም የተባለው ዝርያው ደግሞ የወተት መልክ ባለው ዝንጕርጕር የተጌጠ ነው።

በገዢና በሻጭ መካከል ክርክር የሚነሣው በዚሁ ዝንጕርጕር ምክንያት ነው። ገዢው ስለ መልኩ ብሎ የወሰደው ተክል ውሎ አድሮ ወደ ተራው ብርማ መልክ ሲመለስበት፥ ተታለልሁ ብሎ ሻጩን ይወቅሳል። ነገሩ ግን የተፈጥሮ ነው፤ የነጣው የቅጠል ክፍል ምግብ የሚያዘጋጀው አረንጓዴ ቀለም ስለሚጐድለው ዝንጕርጕሩ ቡቃያ በዝግታ ያድጋል፤ በመካከሉ የበቀለው ተራ ቡቃያ ግን ፈጥኖ ይውጠዋል። መድኀኒቱ ተራው ቡቃያ እንደታየ ከሥሩ ቈርጦ መጣል ነው። ዘሩም የእናቲቱን መልክ ይወርሳል ተብሎ ስለማይታመን፥ ተክሉ መራባት ያለበት ሥሩን በመክፈል ነው።

አንዳንድ ነጋዴዎች ዕቃው ከሱቅ ከወጣ በኋላ ኀላፊነቱ የገዢው ነው ይላሉ። ይህ አነጋገር ለቆርቆሮና ለምስማር ይስማማ ይሆናል፤ ሕይወት ላለው ሸቀጥ ግን አይስማማም። አስመጪም ቢሆን በዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት ብቻ ሊመካ አይገባውም፤ ወረቀቱ ተክሉ ከተባይና ከበሽታ ነጻ መሆኑን እንጂ የዝርያውን እውነተኛነት አይመሰክርምና። ስለዚህ ተክሉ በምን ዐይነት እንደተራባ ከላኪው በጽሑፍ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ባለሱቁም በበኩሉ የአያያዙን ነገር ሳይሸሽግ ለገዢው ቢያስረዳ ይበጀዋል። ጠጕራሙ ቅጠል ውሃ ስለሚይዝ በአዲስ አበባ ክረምት፥ ከሰኔ እስከ መስከረም፥ በቀላሉ ይበሰብሳል፤ ስለዚህ ፀሐይ በሚያገኝበት፥ ከፍ ባለና ጠጠር በተቀላቀለበት መደብ፥ 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ተራርቆ ሊተከል፥ የበሰበሰውም ቅጠል ወዲያው ሊለቀም ያስፈልገዋል።

ይህን አስቀድሞ የሚናገር ሻጭ ዛሬ አንድ ገዢ ቢያመልጠው፥ የቀሩት ደንበኞቹ ግን በቃሉ ታምነው ተመልሰው ይመጣሉ። ቃሉ የታመነ ነጋዴ ገበያው አይቀዘቅዝም።