ምን በልቶ ጠገበ?

ከባሕር ዳር ወደ እንጅባራ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ መሸንቲ ውስጥ የጋሪ ፈረስ ሲታጠብ ያየ ሰው ፍርዱንም አብሮ ይሰማል። ባልዲው ሲቀርብ ፈረሱ ያፈገፍጋል፣ ውኃው ሲያርፍበት ይዘላል። ባለጋሪውም አላፊ አግዳሚውም «ጠግቦ ነው!» ይላል። አለንጋው ይከተላል።

ምን በልቶ? የጎድን አጥንቱ ከመንገድ ማዶ ይቆጠራል። ቀኑን ሙሉ እህልና ሲሚንቶ ሲጎትት ውሎ ማታ ጭድ የሚወረወርለት ፈረስ ጥጋቡን ከየት አመጣው?

ፈረስን የሚያስበረግገው ጥጋብ ቢሆን ኖሮ፣ በዚሁ መንገድ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው እንጅባራ በየዓመቱ ጥር 23 በታመሰች ነበር። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር የዓድዋን ድልና ቅዱስ ጊዮርጊስን በዚያ ቀን ይዘክራል። ደህና የተቀለቡ፣ ያጌጡ ፈረሶች በእልልታና በሕዝብ መካከል ያልፋሉ። የጠገበው ይኸው፣ ሰው መሀል ነው! እሱ ተለማምዷል፤ የጋሪው ተደብድቧል።

የጋሪው ፈረስ የሚዘልበት ምክንያት ሩቅ አይደለም። ጠፍሩ የላጠው ትከሻው ላይ ያልደረቀ ቁስል አለ፤ ውኃው የሚያርፈው እዚያው ላይ ነው። አጣቢው ደግሞ የሚመጣው ከበስተኋላ፣ ፈረስ ጨርሶ ከማያይበት አቅጣጫ ነው። ከዚያ በኋላ ፈረሱ ባልዲ ባየ ቁጥር ቁስሉንም አለንጋውንም ያስታውሳል። ይህ ጥጋብ ከተባለ፣ የጥርስ ሐኪም ወንበር ላይ የሚንቀጠቀጥ ሰው ሁሉ ጠግቧል።

ቴዎድሮስን አባ ታጠቅ፣ ምኒልክን አባ ዳኘው ብሎ በፈረስ ስም የጠራ ሕዝብ ፈረስ አያያዝ አይነገረውም የሚል አይጠፋም። ይኸው አዋቂ አለንጋው አልበቃ ሲለው ጆሮ ይጠመዝዛል። ፈረሱ ቀጥ ብሎ ሲቆም «አየህ!» ይላል። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት የልብ ምት ለክቶ ያገኘው ግን ሌላ ነው፦ ጆሮው የተጠመዘዘ ፈረስ ልቡ ይበልጥ ይመታል።

ማለማመድ ገንዘብ አይጠይቅም። ቁስሉ እስኪድን ውኃውን ከሱ ማራቅ፣ በጎን በኩል በእርጥብ ጨርቅ መጀመር፣ ፈረሶች እርስ በርስ የሚተካከኩበትን የማጅራት ሥር ማከክ ነው። ይህን ቦታ ማከክ ብቻውን የልብ ምታቸውን እንደሚያወርድ እ.ኤ.አ. በ1993 ተጠንቷል። ጨርቁ የሚነሣው ፈረሱ ጸጥ ሲል ነው፤ ሲዘል ከተነሣለትማ መዝለል እንደሚያዋጣው ይማራል።

እንግዲያው እጥበቱ ይቅር ማለትም አያዋጣም። የጋሪ ፈረስን ቆዳ በተርታ በሚፈነዳ እባጭ የሚሸፍነው የፈንገስ በሽታ የሚገባው በቁስል በኩል ነው፤ በብሩሽና በጠፍርም ይተላለፋል። ያልተዳሰሰ ፈረስ ቁስሉ ሳይታይ ይከርማል፤ አንድ ብሩሽ ደግሞ ፌርማታ ላይ ለቆመው ፈረስ ሁሉ ይዞራል። ለየፈረሱ የራሱ ብሩሽ፣ ጠፍሩ ለሚልጥበት ቦታ የጆንያ ቁራጭ ይበቃል፤ ቁራጩ ከአለንጋው ይረክሳል።