ማየ ሕመት እና የሱቅ መጠቅለያ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በሸዋ ሮቢት ወይም በአካባቢዋ ካሉት የይፋት ቆላ ከተሞች በአንዱ ስኳር ወይም በርበሬ ስትገዙ የተጠቀለለበትን ወረቀት ዘርግታችሁ አንብባችሁ ታውቃላችሁን? ብዙ ጊዜ የተማሪ ደብተር ወይም የቆየ ጋዜጣ ነው። አንዳንዴ ግን የጸሎት መጽሐፍ ቅጠል ወይም የቅዱሳን ሥዕል ያለበት የቀን መቁጠሪያ ሆኖ ይገኛል። ይህ ጽሑፍ ባለ ሱቁን ለመውቀስ አልተጻፈም። ወረቀቱ ከእርሱ ዘንድ የደረሰው ከእኛ ቤት ወጥቶ ነውና። ጥያቄው ለእኛ ነው፤ እሑድ ተሳልመን ያነበብነውን ቃል ሰኞ ምን እናደርገዋለን?

መልሱን ለማግኘት ከቀለሙ እንጀምር። ግእዝ የጽሕፈት ቀለምን «ማየ ሕመት» ይለዋል። ማይ ውኃ ነው፤ ሕመት ደግሞ ጥላሸት ነው። በስሙ ውስጥ አሠራሩ ተቀምጧል ማለት ነው። አባቶቻችን የድስትና የምጣድ ጥቀርሻ ሰብስበው፣ የተቃጠለ እህልና ቅጠል ጨምረው፣ በውኃ ለውሰው፣ ሙጫ አክለው፣ ለረጅም ጊዜ እያሹ ያቆዩታል። ጥላሸት በኬሚስትሪ ቋንቋ ካርቦን ነው። ካርቦን በፀሐይ ብርሃን አይደበዝዝም፤ የተጻፈበትንም ቆዳ አይበላም። በአውሮፓ ለብዙ ዘመን የተሠራበት ከብረት ጨውና ከዛፍ እብጠት የሚዘጋጅ ቀለም ግን አሲድነት ስላለው በጊዜ ብዛት ገጹን እየበላ ፊደሉን ቀዳዳ ያደርገዋል። የእኛ ቀለም ጠላቱ ውኃ ነው፤ በብራናው ፊት ላይ ተቀምጦ ስለሚደርቅ እርጥበት ካገኘው ይለቃል።

ቁም ጸሐፊው የእግዚአብሔርን፣ የእመቤታችንንና የቅዱሳንን ስም ሲደርስ ብርዑን ለውጦ በቀይ ቀለም ይጽፋል። ይህ ለጌጥ ብቻ አይደለም። ጸሐፊው በስሙ ፊት ቆም ማለቱን፣ አንባቢውም ቆም እንዲል መፈለጉን ያሳያል። ብራናውም እንዲሁ በብዙ ድካም የሚገኝ ነው። የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ተነክሮ፣ በእንጨት ላይ ተወጥሮ፣ ተፍቆና ደርቆ ነው ለጽሕፈት የሚበቃው። በአድዋ አቅራቢያ በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኙት ወንጌላት በካርቦን ምርመራ ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ የተጻፉ መሆናቸው ተገምቷል። ቆዳና ጥላሸት ከአንድ ሺህ ሦስት መቶ ዓመት በላይ ጸንተዋል።

ከዚያ ሕትመት መጣ። የመጀመሪያው የግእዝ መጽሐፍ፣ መዝሙረ ዳዊት፣ እ.ኤ.አ. በ1513 በሮም ታተመ። በዚያው ከተማ አባ ተስፋ ጽዮን የተባሉ ኢትዮጵያዊ መነኩሴ እ.ኤ.አ. በ1548 እና 1549 ሐዲስ ኪዳንን በግእዝ አሳተሙ። በአገራችንም በ1914 ዓ.ም. ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ተቋቋመ። ሕትመት በረከት ነው። ዛሬ በይፋት ቆላ ያለ አንድ የቆሎ ተማሪ ወይም የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣት ውዳሴ ማርያም በኪሱ ይዞ የሚሄደው በሕትመት ምክንያት ነው። ሆኖም የቀለለ ነገር መናቁ አይቀርም። አንድ ዳዊት ለመጻፍ ወራት ይፈጅ በነበረበት ዘመን መጽሐፍ የሚጥል አልነበረም።

ወረቀት ከብራና የሚለየው በዋጋ ብቻ አይደለም። ወረቀት እርስ በርስ የተያያዘ የዕፅዋት ቃጫ ነው። ርካሹ ወረቀት፣ በተለይ የጋዜጣው፣ ሊግኒን የሚባለው የእንጨት ክፍል ሳይወጣለት ስለሚሠራ ብርሃንና አየር ሲያገኘው ቢጫ ይሆናል፤ ከዚያም ይሰባበራል። ሙቀት ደግሞ ይህን ያፋጥነዋል። በግምት ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጨምር እንዲህ ያለው ለውጥ በእጥፍ ይፈጥናል። ስለዚህ በጣርማ በር ብርድ የሚቆይ መጽሐፍ በሮቢት ሙቀት ያን ያህል አይቆይም። በዚህ ላይ ምስጡ አለ። አባቶች መጽሐፉን በማኅደር ከተው ከግድግዳ የሚሰቅሉት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከምስጥ፣ ከአይጥና ከመሬት እርጥበት ይጠብቀዋል። እኛ ግን የተቀደደውን ገጽ በፕላስተር እንለጥፋለን። የፕላስተሩ ሙጫ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቢጫ ሆኖ ገጹን ያበላሻል።

ያረጀ ወረቀትስ ወዴት ይሂድ? ቆራሊዮው የሚገዛው ወረቀት ፋብሪካ ሲደርስ በውኃ ተበጥብጦ ወደ ቃጫነቱ ይመለሳል። ሳሙና መሰል ነገር ተጨምሮበት አየር ሲነፋበት ቀለሙ ከአረፋው ጋር ተጣብቆ ወደ ላይ ይወጣና ይገፈፋል። ቃጫው በየዙሩ ስለሚያጥር ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 7 ጊዜ ያህል ብቻ ያገለግላል። ይህ መልካም ሥራ ነው። ጌታችን ሕዝቡን ካጠገበ በኋላ ቁርስራሹ እንዳይባክን እንዲሰበሰብ አዝዟል፤ ባለጠጋው አምላክ ትርፍራፊ ካልናቀ እኛ ደብተር መጣል የለብንም። ነገር ግን ከአሮጌ ወረቀት የሚሠራው አብዛኛውን ጊዜ ካርቶን፣ የእንቁላል መያዣና ሶፍት መሆኑን እወቁ። የአምላክ ስም ያለበት ገጽ ከደብተሩ ጋር ተደባልቆ እንዲሄድ የማልስማማው ለዚህ ነው።

አንዳንዶች «የታተመ ወረቀት እንጂ የተባረከ ሥዕል አይደለም» ይላሉ። ለሥዕል የሚሰጥ ክብር ለወረቀቱና ለቀለሙ ሳይሆን ለተሣለው ቅዱስ እንደሆነ ቤተ ክርስቲያን ታስተምራለች፤ ንቀቱስ የሚያርፈው በማን ላይ ነው? በይፋት አብረውን የሚኖሩ ሙስሊም ጎረቤቶቻችን የቁርኣን ቅጠል መሬት ላይ ወድቆ ቢያገኙ አንሥተው ከፍ ካለ ቦታ ያስቀምጡታል። እኛ ከዚህ ማነስ የለብንም። ሌሎች ደግሞ «ማቃጠልም ንቀት ነው» ይላሉ። በትንቢተ ኤርምያስ ምዕራፍ 36 ባሮክ በቀለም የጻፈውን ክርታስ ንጉሡ ኢዮአቄም በካራ እየቀደደ በምድጃ አቃጠለው። ኃጢአቱ ቃሉን አልሰማም ማለቱ ነበር። ያረጀውን ገጽ እግር እንዳይረግጠው ብሎ በንጹሕ ቦታ ማቃጠል ግን ከአክብሮት ይወጣል። እሳቱ አንድ ነው፤ ልቡ ይለያያል።

ስለዚህ ለየሰንበት ትምህርት ቤቱ ይህን አሳስባለሁ። በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሁለት ሣጥን ይቀመጥ። አንዱ ለደብተር፣ ለጋዜጣና ለካርቶን ይሁን፤ ሽያጩም ለነዳያን ወይም ለአብነት ተማሪዎች ይዋል። ሁለተኛው ቅዱስ ስምና ሥዕል ላለበት ይሁን፤ በደብሩ አስተዳዳሪ ፈቃድ ካህናት ባሉበት በክብር ይወገድ። ፕላስቲክ የተለበጠበትንና የባንክ ደረሰኝን ከመጀመሪያው ሣጥን ለዩ፤ ፋብሪካ አይጠቅመውም። በጋዜጣ ምግብ መጠቅለልንም እንተው፤ በቀለሙ ውስጥ ያለው የማዕድን ዘይት ወደ ምግቡ ያልፋል። የሕንድ የምግብ ደኅንነት ባለ ሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2016 በዚሁ ጉዳይ አስጠንቅቋል።

ከሁሉ በላይ ግን ማኅተሙን ከማብዛታችን በፊት እናስብ። ለአንድ ቀን ጉባኤ በሚታተም ትኬትና ባነር ላይ የእመቤታችን ሥዕል መኖሩ ግድ ነውን? በማግሥቱ የት እንደሚወድቅ እናውቃለን። ቃሉ ብቻ ቢጻፍበት ጉባኤው አይጎድልም። ብራናዎቻችንን በተመለከተ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የማይክሮፊልም ሥራ በሺዎች የሚቆጠሩ የኢትዮጵያ ጽሑፎችን ቅጂ አትርፏል። እኛ የምንችለው ቀላል ነው፦ በማኅደር መክተት፣ ከእርጥበት ማራቅ፣ በታጠበና በደረቀ እጅ መግለጥ።

ቅዱስ ጳውሎስ በእስር ሳለ ጢሞቴዎስን መጻሕፍቱን፣ ይልቁንም ብራናዎቹን ይዞለት እንዲመጣ አዝዞታል። ሞቱን በሚጠባበቅበት ሰዓት መጽሐፍ አልረሳም። እናንተስ ወደ ቤታችሁ ስትገቡ በመደርደሪያው፣ በፍራሹ ሥርና በማዕድ ቤቱ ያለውን ወረቀት ዛሬ አትለዩትምን?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር ወለወላዲቱ ድንግል ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።