«ጸሐፊው የማን ወገን ነው?»

ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ መጽሐፍ ዘርግተው የሚሸጡ ልጆች የለመዱት ጥያቄ አለ። አላፊ አግዳሚው ቆም ይላል፣ አንዱን መጽሐፍ ያነሣል፣ የጀርባ ሽፋኑን ገልበጥ አድርጎ ያያል። ከዚያ «ይሄ ሰውዬ የማን ወገን ነው?» ይላል። መጽሐፉ ምን ይላል፣ የሚለውስ እውነት ነው ወይ የሚለው ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው፤ ያውም ከመጣ።

በጠያቂው መፍረድ አይቻልም። ከአብዮቱ ወዲህ በአገሪቱ የታተመው የፖለቲካ ማስታወሻ አብዛኛው ሌላውን ለመክሰስ ወይም ራስን ነጻ ለማውጣት የተጻፈ ነው። አንባቢም መጽሐፍን እንደ ክስ መዝገብ ማንበብ ለመደ። ይሁን እንጂ ለዚህ ጥያቄ የማይመቹ መጻሕፍትም አሉ። በቅርብ ጊዜ ተከታትሎ ላነበባቸው ሰው የሚከተሉት ሦስቱ፣ አንዱ በሥዕል የተነገረ፣ አንዱ ልብ ወለድ፣ አንዱ የሕይወት ታሪክ፣ በአንድ ነገር ይገናኛሉ። ሦስቱም ምስክርነታቸውን የሚጀምሩት ከራሳቸው ቤት ነው።

የመጀመሪያው የአሜሪካዊው አርት ስፒገልማን «ማውስ» ነው። እዚህ አገር «ኮሚክስ» ሲባል የልጆች ማባበያ ይመስላል። «ማውስ» ግን ናዚዎች በአይሁዶች ላይ የፈጸሙትን ጭፍጨፋ ይተርካል፤ አይሁዶቹ በአይጥ፣ ጀርመኖቹ በድመት ተመስለዋል። ሁለቱ ክፍሎች እ.ኤ.አ. በ1986 እና በ1991 በመጽሐፍ መልክ ወጡ፤ በ1992 ደግሞ ሥራው ልዩ የፑሊትዘር ሽልማት አገኘ።

ታሪኩን የሚናገረው ከአውሽዊትዝ የተረፈው የደራሲው አባት ቭላዴክ ነው። ልጁ አባቱን ቅዱስ አድርጎ ቢስለው ማን ይፈርድበት ነበር? እሱ ግን ቋጣሪ፣ ነዝናዛና ሁለተኛ ሚስቱን የሚያስመርር ሽማግሌ አድርጎ ሳለው። ምራቱ መንገድ ላይ አንድ ጥቁር አሜሪካዊ መኪናቸው ውስጥ ስታሳፍር ቭላዴክ «ይሰርቀናል» ብሎ ይንጨረጨራል። በዘሩ ሲታደን የኖረ ሰው ሌላውን በዘሩ ይጠረጥራል። ከሁሉ የሚያመው ደግሞ የደራሲው እናት ትታው ያለፈችውን ማስታወሻ ቭላዴክ ማቃጠሉ ነው። መጽሐፉ እንከን አያጣም። ፖላንዳውያን በአሳማ በመመሰላቸው ብዙዎቹ ተቀይመዋል፤ አንድን ሕዝብ በሙሉ በአንድ ጭምብል መሸፈን ቅሬታ ቢያስነሣ አይገርምም። አባትየው ግን ከነጉድፉ በመሳሉ የሚታመን ሰው ሆኗል፤ በመከራው የምናምነውም ለዚህ ነው።

ሁለተኛውን የአማርኛ አንባቢ ያውቀዋል። በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ»ን ሲያሳትም ተቃዋሚ አልነበረም። የማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ባለሥልጣን ነበር፤ በኤርትራ የተካሄደውን የቀይ ኮከብ ዘመቻም ከውስጥ ሆኖ አይቷል። ዋናው ገጸ ባሕርይ ጋዜጠኛው ጸጋዬ ኃይለማርያም የዘመቻውን ወሬ የሚያሰማምር ሰው ነው። በእሱ ዓይን አንባቢ ስብሰባውን፣ መፈክሩን፣ የሹማምንቱን ሽኩቻ፣ መጨረሻ ላይም ናቅፋ ላይ ያለቀውን ወጣት ያያል።

ዛሬ እንደገና ሲነበብ መጽሐፉ ሁሉም ቦታ እኩል አይጠነክርም። ፊያሜታ ከሴትነቷ ይልቅ የአስመራ ምልክትነቷ ይጎላል፤ አዲስ አበባ የቀረችው ሮማን ደግሞ የሚገባትን ያህል ቦታ አላገኘችም። ዋጋው ግን የተከፈለው በእነዚህ ገጾች ምክንያት አይደለም። መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፣ ደራሲው ከሥራው ተባረረ፣ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። ሥርዓቱን ያስቆጣው ጠላት ሲሳደብ መስማቱ አልነበረም፤ ስድብማ በየቀኑ በሬዲዮ ይሰማ ነበር። ያስቆጣው የራሱ ሰው ያየውን መናገሩ ነው። መጽሐፉ ከአርባ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2025፣ በእንግሊዝኛ ታትሞ ሌላው ዓለምም እያነበበው ነው።

ሦስተኛው የሕይወት ተፈራ «ማማ በሰማይ» ነው። በመጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ2012 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ በእንግሊዝኛ የታተመ ሲሆን ኋላም ወደ አማርኛ ተመልሷል። ደራሲዋ በተማሪነቷ ወደ ኢሕአፓ የገባች፣ በደርግ ዘመን ስምንት ዓመት ገደማ የታሰረች ናት። የጥናት ክበቦቹ ክርክር የሚተረክበት ክፍል ይንዛዛል፤ ማርክሲዝም ያልቀመሰ ወጣት እዚያ ላይ መጽሐፉን ሊዘጋው ይችላል። ባይዘጋው ይሻለዋል። የመጽሐፉ ልብ ጌታቸው ማሩ ነው። ወደ ትግሉ የመራት፣ የምታፈቅረው ሰው ነበር፤ የድርጅቱ አመራር አባል ሆኖ ሳለ በከተማው የትጥቅ ትግል ላይ የተለየ ሐሳብ ያዘ። የገዛ ድርጅቱ አሰረው፤ የገዛ ድርጅቱም ገደለው። ሕይወት ይህን በደርግ ግፍ ሥር ሸሽጋ ማለፍ ትችል ነበር። አላደረገችውም።

እዚህ ላይ የሚነሣ ተቃውሞ አለ፤ ቀላልም አይደለም። «የወገንን ገመና ማውጣት ለጠላት ጥይት ማቀበል ነው» ይባላል። «ሁሉም አጥፍቷል» የሚለው አነጋገር ገዳይንና ተገዳይን አንድ ሚዛን ላይ ያስቀምጣል የሚሉም አሉ። ሦስቱን መጻሕፍት ያነበበ ግን ይህ ሲሆን አያይም። የቭላዴክ ቋጣሪነት ለናዚ ምክንያት አልሆነም። የጌታቸው ማሩ ግድያ የቀይ ሽብርን ደም አላጠበም። የሆነው ተቃራኒው ነው፤ በገዛ ወገኑ ላይ እውነት የተናገረ ሰው ሌላውን ሲከስ ቃሉ ይጸናል። የራሱን ወገን ንጹሕ አድርጎ የሚጀምር ግን የደረሰበትን እውነተኛ በደል እንኳ ሲናገር «ያው የእነሱ ወሬ ነው» ተብሎ ይታለፋል። ለተበዳዩ ከዚህ የባሰ ኪሳራ የለም።

ይህ የሥነ ጽሑፍ ወሬ ብቻ አይደለም። የሰሜኑ ጦርነት በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት ቆመ ከተባለ ወዲህ ስለዚያ ጦርነት የሚጻፈውና የሚነገረው ብዙ ነው። አብዛኛውም «እነሱ» በሚል ቃል ይጀምራል። የሞተው፣ የተደፈረችው፣ የተፈናቀለው ሰው ታሪክ በየካምፑ ተከፋፍሎ ተቀምጧል፤ አንዱ የሌላውን ሙት አይቆጥርም። ከሃያ ዓመት በኋላ ይህን ዘመን ለመረዳት የሚፈልግ ልጅ የሚያገኘው ሁለትና ሦስት የክስ መዝገብ ከሆነ፣ ከየአንዳንዱ የሚማረው ማንን መጥላት እንዳለበት ብቻ ነው።

ስለዚህ መጽሐፍ ተራው ጋ ቆሞ «የማን ወገን ነው?» የሚል አንባቢ ጥያቄውን መተው አይጠበቅበትም። አንድ ተጨማሪ ጥያቄ ብቻ ያክልበት፦ ይህ ጸሐፊ የራሱን ወገን የሚያሳምም አንድ ገጽ ጽፏል ወይ? ያ ገጽ ካለ መጽሐፉን ይግዛው። ከሌለም ሊያነበው ይችላል፤ ያነበበው ግን የምስክርነት ቃሉን ግማሽ ብቻ መሆኑን አይርሳ።