«ታይቷል» መልስ አይደለም

ድብ ባሕር ቁጭ ብዬ ማስተርሴን በርቀት እየተማርሁ ነው። ባለፈው ሴሚስተር አንዱ ኮርስ ላይ «ተሳትፎ» የምትባል 10 ማርክ ነበረች። መምህሩ ጥያቄ ይለጥፋል፣ እኛ 60 ተማሪዎች ከሥሩ እንጽፋለን። የመጀመሪያው ልጅ አንድ አንቀጽ ጻፈ። የቀረነው «በሐሳብህ እስማማለሁ» እያልን ተሰለፍን። ሁላችንም 10 ከ10! በዚያው ሰሞን ግን ስለ ጥናቴ ናሙና ግራ ገብቶኝ ለመምህሩ የላክሁት ጥያቄ መልስ አላገኘም።

ታዲያ የቱ ነው መስተጋብር?

ማይክል ሙር የተባለ የርቀት ትምህርት ምሁር እ.ኤ.አ. በ1989 መስተጋብርን በሦስት ከፍሎታል፦ ተማሪ ከትምህርቱ ይዘት፣ ከመምህሩ፣ ከሌላ ተማሪ ጋር። ለእኛ የደረሰን የመጀመሪያው ብቻ ነው፤ እሱም ስካን የተደረገ ሞጁል።

«ችግሩ ኔትወርክ ነው» ይሉናል። ይህንን ለእኛ ማን ይነግረናል? በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ለወራት ተቆርጠን የከረምነው እኛ ነን። ኔትወርኩ ተመለሰ፤ መልሱ ግን አልመጣም።

የጎንደር የቅኔ ተማሪን እዩት። ብቻውን ከሰው ራቅ ብሎ ቅኔውን ሲቆጥር ይውላል። ዝም ስላለ «አልተሳተፈም» የሚለው የለም። ምክንያቱም የቆጠረውን ለአስነጋሪው ወይም ለመምህሩ ይነግራል፤ የተበላሸችው ቃል እዚያው ትቃናለች። የሚሰማው ሰው ስላለ ነው ዝምታው ትምህርት የሆነው።

እኛም ብንሆን ንጹሕ አይደለንም። ቴሌግራም ግሩፓችን ውስጥ የሚዞረው የአሳይመንት መልስ ነው። «አልገባኝም» ማለት እናፍራለን። አንድ ማታ ግን ደባርቅ ያለች የክፍሌ ልጅ ደወለችልኝ፤ በዚያው በናሙናው ጉዳይ 40 ደቂቃ ተከራከርን። ስንጨርስ ሁለታችንም ሐሳባችንን ቀይረን ነበር። ይህ ሲስተሙ ላይ አልተመዘገበም፣ ማርክም የለውም። ከዚያ ሴሚስተር የቀረልኝ ትምህርት ግን እሱ ነው።

ስለዚህ 10 ማርኳን ውሰዷት። በምትኩ አምስት አምስት አድርጋችሁ መድቡንና እርስ በርስ እንከራከር። ለላክነው ሥራ በሳምንት ውስጥ ሁለት መስመር አስተያየት ስጡን፤ በድምፅ መልእክትም ቢሆን ይሁን። ይህ ከሊማሊሞ ሥር ላለ ሰው የሚከብድ ኔትወርክ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው የመምህሩን ጊዜ ነው፣ ለእሱም ከፍለናል።

ጥያቄዬ አሁንም እዚያው ነው። «ታይቷል» ይላል።